ባለ 18 ቮልቱ ገመድ አልባ ክብ መጋዝ፦ ከስምንት ወር ሥራ በኋላ

ይህን መጋዝ ከያዝኩ ስምንት ወር አለፈኝ። ሁለት የአልጋ ፍሬም፣ አንድ ግድግዳ ሙሉ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ አንድ ከባድ የሥራ ጠረጴዛ ሠራሁበት። ጎረቤት "እስቲ ይቺን ቁረጥልኝ" እያለ ያመጣቸውን ጣውላዎችም ቆርጬበታለሁ። ስለዚህ ስለ እሱ የምናገረው በቂ ነገር አለኝ። የአምራቹን ስም አልጠራም። የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር በዚህ መጠን ላለ ባለ ባትሪ መጋዝ ሁሉ ይሠራል፤ አንድ ጠንከር ያለ ቅሬታም አለኝ፣ እሱን በአንድ ስም ላይ መለጠፍ አልፈለግኩም።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። መጋዙ ጥሩ ነው፣ ወድጄዋለሁ፣ ነገም ቢጠፋብኝ እሱኑ መልሼ እገዛለሁ። ግን ከሳጥኑ የወጣ ዕለት ጥሩ አልነበረም። ጥሩ የሆነው ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ካስተካከልኩት በኋላ ነው። ብዙ ሰው ያቺን ሰዓት ይዘላታል፤ ባትሪውን ሻጥ አድርጎ መቁረጥ ይጀምራል፣ ከዚያ "መጋዙ ያጣምማል" ይላል፣ ሲከፋም እጁን ይጎዳል። ይህን ጽሑፍ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለዚያች ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው። ባትሪው 18 ቮልት ነው፣ ምላጩ 165 ሚሊሜትር። ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ 57 ሚሊሜትር ይገባል፣ 45 ዲግሪ ሲያዘነብል ደግሞ 41። ሞተሩ ካርቦን የለውም፣ ብራሽለስ የሚሉት ዓይነት ነው፤ የሚያልቅና የሚቀየር ካርቦን ስለሌለ እንክብካቤው ይቀላል፣ ከአንድ ባትሪ የሚገኘው ሥራም ይበዛል። በደቂቃ 5000 ጊዜ ይዞራል። ይህን ቁጥር አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ የምላጩ ጫፍ በሰዓት 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል ማለት ነው፣ ባለ 24 ጥርስ ምላጭ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሰከንድ 2000 ጥርስ እንጨቱን ይነክሳል። ካሰላሁት ወዲህ ማስነሻውን በነካሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

በነገራችን ላይ አንዳንዱ ሳጥን ላይ "20 ቮልት" ተብሎ ታዩና ከ18ቱ የሚበልጥ ይመስላችኋል። አይበልጥም። ሁለቱም ውስጥ በተከታታይ የተያያዙ አምስት ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ነው ካላችሁ 18 ይመጣል፤ ቻርጅ ሞልቶ ገና ሲወጣ ያለውን 4 ቮልት ገደማ ካሰባችሁ ደግሞ 20። አንዱን ባትሪ በሁለት ስም መጥራት ነው፣ በዚህ ብቻ አትምረጡ።

የሚያስመርጠው አምፔር-ሰዓቱ፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው። የእኔ መጋዝ አብሮት የመጣው ባለ 2 አምፔር-ሰዓት ትንሽ ባትሪ ነበር። ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ምንም አላለም። ወፍራም ደረቅ እንጨት ላይ ሲደርስ ግን መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መጋዙ ተበላሽቶ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ 1000 ዋት ቢጠይቅ፣ በ18 ቮልት ሲካፈል ከ55 አምፔር በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ አምስት ትንንሽ ሴሎች ብቻቸውን መሸከም ሲያቅታቸው ባትሪው ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። ባለ 5 አምፔር-ሰዓቱ ግን በአብዛኛው አሥር ሴል ነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ጭነቱን ይካፈሉታል። ባለ 5ቱን ካስገባሁ በኋላ ያው እንጨት ላይ አንድም ጊዜ አልቆመብኝም። ስለዚህ መጋዝ ብቻ እየገዛችሁ ከሆነ፣ ትልቅ ባትሪ የግዢው አካል ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ትንሹን ለድሪል ተዉት።

ገመድ አለመኖሩ ምን ሰጠኝ? ብዙ ነገር። ገመድ ያለው መጋዝ ይዤ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ረጅም ጣውላ እየሰነጠቅኩ መሃል ላይ ገመዱ የጣውላው ጠርዝ ላይ ያዝ ሲያደርገኝ፣ መጋዙ ሲንገዳገድ፣ መስመሩ ሲበላሽ፣ ያንን የሚያውቅ ያውቀዋል። አሁን ያ የለም። መጋዙን አንስቼ እንጨቱ ወዳለበት እሄዳለሁ። ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ፣ መብራት በጠፋበት ቀን፣ የትም።

ግን ገመዱ አንድ የማናስተውለው ውለታ ይውልልን ነበር። ሶኬቱን ስትነቅሉ መጋዙ መሞቱን ዓይናችሁ ያያል። ገመዱ ወለል ላይ ተዘርግቶ ጫፉ ባዶ ሆኖ ይታያችኋል፣ ያኔ እጃችሁን ምላጩ ጋ ስትሰዱ ልባችሁ ያርፋል። ባለ ባትሪው ይህ ምልክት የለውም። ጠረጴዛው ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ድምፅ የለውም፣ የተሰካበት ነገር የለም፣ የጠፋ ይመስላል። ነገር ግን ባትሪው ውስጡ ካለ እንደ በራ ቁጠሩት። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ይህ ነው፦ እጄ ከመያዣው ውጭ ሌላ ማንኛውንም የመጋዙን ክፍል ሊነካ ከሆነ፣ ባትሪው አስቀድሞ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይኔ በሚያየው ቦታ ይቀመጣል። ኪስ ውስጥ ወይም ከጀርባዬ አላደርገውም። ያ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ባትሪ የተነቀለውን ሶኬት ተካልኝ።

እና ማስተካከሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባትሪ ወጣ።

ምላጩን ስታስገቡ ጥርሶቹ ወዴት እንደሚያዩ ልብ በሉ። ክብ መጋዝ ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆርጠው፤ ከፊት በኩል ያሉት ጥርሶች ወደ ላይ ማየት አለባቸው። ምላጩ ላይም ሽፋኑ ላይም ቀስት አለ፣ ሁለቱ ቀስቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁኑ። ተገልብጦ የገባ ምላጭ ይጮሃል፣ ያጨሳል፣ እንጨቱን ያቃጥላል እንጂ አይቆርጥም። የመሃል ቀዳዳውም ከመጋዙ ዘንግ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ሰፋ ያለውን "ይሁን ይይዛል" ብሎ ማስገባት አይገባም። የምላጩን የፍጥነት ጣሪያም እዩት፣ የተጻፈበት ቁጥር ከመጋዙ ፍጥነት ማነስ የለበትም።

ቡሎኑ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። የእኔ መጋዝ ምላጩ በስተግራ ስለሆነ የቡሎኑ ጥርስ የግራ ነው፣ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው እንደለመደው ወደ ግራ እያዞረ፣ እየፈታሁ ነው ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቀዋል። ማስታወሻው ቀላል ነው፦ መፍቻውን ምላጩ ሲቆርጥ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ካዞራችሁት ይፈታል። ምላጩ በቀኝም ይሁን በግራ ይህ ይሠራል፤ እንዲህ የተደረገውም መጋዙ በሠራ ቁጥር ቡሎኑ ራሱን እንዲያጠብቅ ነው። ስታጠብቁት በእጅ ኃይል ጠበቅ ማድረግ ይበቃል። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ መጫን አያስፈልግም።

አሁን ቅሬታዬ ጋ ደረስን። መቀመጫው፣ ማለትም እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ጠፍጣፋ ብረት፣ ከምላጩ ጋር 90 ዲግሪ መሆን አለበት። መጋዙ ላይ ያለው ልኬት ዜሮ ላይ ቆሟል። እኔም አምኜው የመጀመሪያዎቹን ስድስት መደርደሪያዎች ቆረጥኩ። ሳቆማቸው አንዱም ቀጥ አላለም፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በአንድ በኩል አፉን ከፍቶ ቀረ። ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) አምጥቼ ስለካው መቀመጫው ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሏል። ትንሽ ይመስላል አይደል? በ57 ሚሊሜትር ውፍረት ላይ 1 ዲግሪ 1 ሚሊሜትር ክፍተት ነው። ለዕቃ ሥራ ብዙ ነው። አዲስ የተገዛ መሣሪያ ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ መውጣቱ አናደደኝ። የማስተካከያ ቡሎን አለው፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ ግን መመሪያው ላይ በአንዲት ትንሽ ሥዕል ብቻ ነው ያለፉት። ለዚህ ነው ኮከብ የምቀንስበት።

እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይም ስህተት አለ። ባትሪው ወጥቶ መጋዙን ገልብጡት፣ ጥልቀቱን እስከ መጨረሻው አውጡት፣ የታችኛውን ሽፋን ወደ ኋላ ሳቡት። ስኳድራውን አንዱን ክንድ መቀመጫው ላይ፣ ሌላውን ምላጩ ላይ አስጠጉ። ምላጩ ላይ ስታስጠጉ ጥርሱን እንዳይነካ፣ በሁለት ጥርሶች መሃል ብረቱ ላይ ብቻ ይረፍ። የጥርሱ ጫፍ ከምላጩ ብረት ይወፍራል፤ ስኳድራው ጥርሱን ከነካ የምታነቡት ውሸት ነው። ከዚያ ብርሃን ፊት ያዙት። በስኳድራውና በምላጩ መሃል ከላይም ከታችም እኩል ብርሃን ካያችሁ ወይም ምንም ካላያችሁ ጨርሳችኋል።

ስኳድራችሁን የማታምኑ ከሆነ (እኔ ያኔ ሁለቱንም አላመንኩም) እንጨቱ ራሱ ይነግራችኋል። አንድ ቁራጭ ጣውላ ቁረጡ። ከሁለቱ አንዱን ገልብጡና የተቆረጡትን ጫፎች መልሳችሁ ግጠሙ። ጥምመት ካለ ክፍተቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል፣ የእኔው 1 ሚሊሜትር 2 ሆኖ ነበር የታየው። ቡሎኑን ትንሽ ነካ፣ እንደገና ቁረጥ፣ እንደገና ገልብጥ። በአራተኛው ሙከራ ሁለቱ ጫፎች ገጥመው ጥፍሬ መሃላቸው መግባት አቃተው። ያቺ ቁራጭ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለች።

ጥልቀቱ ደግሞ በእያንዳንዱ እንጨት የሚቀየር ነገር ነው። ሰዎች ምላጩን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ስስ ቺፑድ ሲቆርጡ አያለሁ። አታድርጉት። ምላጩ ከእንጨቱ በታች የሚወጣው 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ ቢበዛ አንድ ሙሉ ጥርስ የማያክል ይሁን። መጋዙን እንጨቱ ጎን ላይ አስጠጉና (ባትሪው ሳይገባ) በዓይን ለኩት። ምላጩ ብዙ ሲወጣ እንጨት ውስጥ ያለው ክፍሉ ይበዛል፣ ስለዚህ ከተያዘ ክፉኛ ይያዛል። ከታች ያለውም የተጋለጠ ምላጭ ነው፤ ከጣውላው ሥር ያለውን ማንም አያየውም። እጅ ከጣውላው በታች ፈጽሞ አይገባም።

ከዚያ የታችኛው ሽፋን። ይህ ሽፋን እየቆረጣችሁ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ስትጨርሱ በስፕሪንግ ተመልሶ ምላጩን ይሸፍናል። ባትሪው ወጥቶ በማንሻው ሳቡትና ልቀቁት። ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ወይም መሃል ላይ ከቀረ መጋዙን አትጠቀሙበት። የእኔው ሦስተኛው ወር ላይ መጎተት ጀመረ። ከፍቼ ሳይ ሰጋቱራና የእንጨት ሙጫ ተጋግሮበታል፣ በብሩሽና በደረቅ ጨርቅ ስጠርገው ዳነ። ዘይት አትቀቡት፣ ዘይት ሰጋቱራውን ይሰበስብና ያባብሰዋል። ሽፋኑን በሽቦ ወይም በሽብልቅ ከፍተው የሚያስሩ ባለሙያዎች አይቻለሁ፣ "ያስቸግረኛል" ይላሉ። እባካችሁ። መጋዙን ቆርጣችሁ መሬት ላይ ስታስቀምጡት፣ ቁርጭምጭሚታችሁ አጠገብ፣ ምላጩ ገና እየዞረ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ የተሠራው ለዚያች ሰከንድ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልግባ፤ ርግጫ። መጋዙ በድንገት ከእንጨቱ ወጥቶ ወደ ቆራጩ ይዘላል፣ እንደ በቅሎ ይራገጣል። ሰው ይህ የሚመጣው በኃይል ማነስ ወይም በምላጭ መደነዝ ይመስለዋል። እነሱም አሉበት፣ ግን ዋናው ምክንያት እንጨቱ ምላጩን ሲቆነጥጠው ነው። ከኋላ በኩል ያሉት ጥርሶች ወደ ታችና ወደ ፊት የሚሄዱ ናቸው። የቆረጣችሁት መንገድ ከተዘጋና እነሱን ከያዛቸው፣ ያ ሁሉ ጉልበት እንጨቱን መቁረጡን ይተውና መጋዙን ራሱን ያነሳዋል።

በእኔ ላይ እንዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ። አንድ ሙሉ የኮምፔንሳቶ ሉህ ነበር፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት። በሁለት መደገፊያ ላይ ጫፍና ጫፉን አስቀምጬ መሃሉን ለሁለት መቁረጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር ጥሩ ሄደ። ቆርጬ በሄድኩ ቁጥር ሉሁ መሃሉ ላይ እየሰረጎደ ነው፣ መስመሩ ከላይ እየተዘጋ ነው። እኔ ግን የማየው የእርሳስ መስመሩን ብቻ ነው። መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ ያቃሰተ መሰለ። እኔ እሱን ሰምቼ መልቀቅ ሲገባኝ ገፋሁት። ከዚያ አንድ ጓ የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ፣ መጋዙ ከእጄ ሊወጣ ደርሶ በቆረጠው መንገድ ላይ ወደ ኋላ ዘሎ ነበር፤ ሉሁ ላይ የስንዝር ርዝመት ያለው ጠባሳ ጥሎበት። ምንም አልሆንኩም። ያልሆንኩት በሦስት ምክንያት ነው፦ በሁለት እጄ ይዤው ነበር፣ ማስነሻውን ስለቅ ፍሬኑ ምላጩን አቆመው፣ ሰውነቴም በምላጩ ቀጥታ መስመር ላይ ሳይሆን ከጎን ነበር። እጆቼ ግን ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጡ። ያን ቀን ሌላ አልቆረጥኩም።

ስህተቱ የእኔ አደጋገፍ ነበር፣ መጋዙ ምንም አላጠፋም። ሉህን ለሁለት ስትቆርጡ አራት ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ከመስመሩ ወዲህ ሁለት፣ ከመስመሩ ወዲያ ሁለት። ያኔ ሁለቱም ግማሾች ቆርጣችሁ ስትጨርሱ እንኳ ያሉበት ይቀራሉ። አሁን እኔ የማደርገው ከዚህም ይቀላል፦ ወለል ላይ ወፍራም ነጭ የማሸጊያ ፎም አነጥፋለሁ፣ ሉሁን ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ አጋድማለሁ፣ ጥልቀቱን ለክቼ እቆርጣለሁ። ምላጩ ፎሙን ትንሽ ይቧጭረዋል፣ እንጨቱ የትም አይሰረጉድም። ከጣውላ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ስትቆርጡ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ትልቁ ክፍል ተደግፎና በክላምፕ ታስሮ፣ ትንሹ ከመስመሩ ወዲያ ነፃ ሆኖ ይንጠልጠል። ሲቆረጥ በራሱ ይውደቅ። በሌላ እጃችሁ ልትይዙት አትሞክሩ። ረጅም ጣውላ በርዝመቱ ስትሰነጥቁ መንገዱ ከኋላችሁ የመዘጋት ባሕርይ አለው፣ እርጥብ እንጨት ከሆነ ይብሳል። መጋዙን አቁሙ፣ የተቆረጠው መንገድ ውስጥ ትንሽ ሽብልቅ ሻጥ አድርጉ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

አቆራረጡ ራሱ ብዙ ጥበብ የለውም፣ ግን ቅደም ተከተል አለው። ምላጩ እንጨቱን ሳይነካ አስነሱት፣ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ አስገቡት። እናንተ ምሩት እንጂ አትግፉት፣ ራሱ ይበላል። ድምፁን ስሙት፤ ድምፁ ከወረደ ቀስ በሉ። ከመስመር ከወጣችሁ እየዞረ አትጠምዝዙት፣ ልቀቁት፣ ባለበት ይቁም፣ ከቆመ በኋላ ወደ ኋላ አውጡና እንደገና ጀምሩ። እየዞረ ከእንጨቱ አታንሱት። ማስነሻው ለብቻው አይሠራም፣ በአውራ ጣት የሚጫን የደህንነት ቁልፍ አለው። እሱን በፕላስተር የሚያስሩም አሉ፣ ያንን ስሰማ ሆዴ ይረበሻል።

ቀጥ ያለ መስመር እንዴት ይገኛል? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በእጅ ብቻ አይገኝም። የሚሸጥ ሐዲድ አለ፣ እኔ ግን ከቁራጭ የሠራሁት አለኝ፣ ከመጋዙ እኩል ወድጄዋለሁ። አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ 6 ሚሊሜትር፣ ሰፋ ያለ። እሱ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት በማጣበቂያና በብሎን አሰርኩ። ከዚያ መጋዙን ያንን እንጨት ተደግፎ አንድ ጊዜ ነዳሁት። ምላጩ ራሱ የኮምፔንሳቶውን ትርፍ ቆርጦ ጣለው። አሁን የቀረው ጠርዝ ምላጩ የሚያልፍበት ትክክለኛ ቦታ ነው። ጠርዙን የእርሳስ መስመሬ ላይ አስቀምጣለሁ፣ በሁለት ክላምፕ አስራለሁ፣ እነዳለሁ። ስሌት የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ምላጭ ስትቀይሩ አዲሱ ምላጭ የሚበላው ስፋት ከቀድሞው ከተለየ ጠርዙ አይታመንም፣ ለዚያ ምላጭ ሌላ ሥሩ። ስስ ነገር ስለሆነ አይከብድም።

ስለ ምላጭ ከተነሳ፣ አብሮ የመጣው ባለ 24 ጥርስ ነው። ለጣሪያ እንጨት፣ ለፍሬም፣ ለፈጣን ሥራ ጥሩ ነው። ኮምፔንሳቶ ላይ ግን ፊቱን ይፈለፍለዋል። ባለ 40 ጥርስ ገዛሁና ሌላ መጋዝ የያዝኩ መሰለኝ። ጥርስ ሲበዛ ቆረጣው ይለሰልሳል፣ ግን ይዘገያል፣ ባትሪም ይበላል። ምላጩ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚፈለፈለው የላይኛው ፊት ነው። ስለዚህ የሚታየውን፣ ቆንጆውን ፊት ወደ ታች ገልብጣችሁ ቁረጡ። ከላይ መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በላዩ ላይ ብትቆርጡ ደግሞ የበለጠ ይረዳል።

የሰውነት መከላከያውን በአጭሩ። መነጽር ያለ ክርክር። የጆሮ መከላከያም፤ እነዚህ መጋዞች ከ90 ዴሲቤል በላይ ይጮሃሉ፣ ጆሮ ደግሞ ከ85 ጀምሮ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ይጎዳል። ባለ ባትሪው ጸጥ ያለ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይህን ይተወዋል፣ እየቆረጠ ሲሆን ግን ከገመዱ መጋዝ ብዙም አይለይም። ማስክ ደግሞ አትናቁ። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ብሎ የመደበው በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የመጋዙ አቧራ መውጫ ቱቦ ቢኖረውም ሁሉንም አይስብም፣ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ላይማ ጭጋግ ነው። ሰፊ እጅጌ፣ የተንጠለጠለ ገመድ፣ ያልታሰረ ረጅም ፀጉር ከዚህ ምላጭ አጠገብ ቦታ የላቸውም። ሰፊ ጓንትም እንዲሁ።

ያልወደድኳቸው ሌሎች ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። ከትልቁ ባትሪ ጋር ከ3 ኪሎ ያልፋል፣ ከራስ በላይ አንስቶ ለሚሠራ ይከብዳል። የመስመር መብራቱ ጥሩ ነው ግን ሰጋቱራ ቶሎ ይሸፍነዋል። ሞርሳ ፊት ቆሞ ቀኑን ሙሉ የሚቆርጥ ሰው ከሆናችሁ፣ ሶኬትም አጠገባችሁ ካለ፣ ገመድ ያለው ይሻላችኋል፤ ባትሪ መቀያየር ይሰለቻል። የሌላ ድርጅት ባትሪ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ከእሱ ጋር የሚሄድ መጋዝ ፈልጉ።

ባትሪውን ሥራ ላይ ግሎ እንደወጣ ቻርጀር ላይ አትጫኑት፣ ይቀዝቅዝ። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድም ቻርጅ አይደረግም። ለወራት የምታስቀምጡት ከሆነ ግማሽ ገደማ ላይ ተዉት። እና በፍጹም ከምስማርና ከቡሎን ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ባዶውን አትጣሉት፣ አንዲት ምስማር ሁለቱን ጫፎች ካገናኘች እሳት ሊነሳ ይችላል።

ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ባትሪው ወጥቶ የታችኛውን ሽፋን ሳቡና ልቀቁ፣ ጥርቅም ይላል ወይ? መቀመጫውን በሁለት እጅ ያዙና ነቅነቅ አድርጉት፣ ይላላል ወይ? ከዚያ እንደምትቆርጡ ሆናችሁ ያዙት፣ አውራ ጣታችሁ የደህንነት ቁልፉን መያዣውን ሳይለቅ ይደርስበታል ወይ? የእኔ እጅ ትንሽ ነው፤ አንዱን ሞዴል የመለስኩት በዚህ በሦስተኛው ነው።